የማሽላዋ ባልና ኬላ የያዘው ዜማ

ሲሪንቃ ወደሚገኘው የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሄድኩት ስለ ማሽላ ልጽፍ ነበር። ወልድያ ተቀምጬ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ዜና የምልክበት ጊዜ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዓመታት አልፈዋል፤ ትልቁ ድርቅ ግን ገና አልመጣም። አለቃዬ በስልክ ያለኝ አጭር ነበር። «ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር እየተሞከረ ነው አሉ። ሄደህ እይ። ያየኸውን ብቻ ጻፍ።» የመጨረሻውን ባይለኝም አደርገው ነበር።

ዘሩን የምትከታተለው ባለሙያ እንግሊዛዊት ነበረች። አማርኛውን ከእርሻ ሠራተኞች ስለተማረችው አነጋገሯ እንደ ሐብሩ ገበሬ ነበር፤ ሽማግሌ ሲያናግራት አንቱታው ከአፏ አይጠፋም። ጥያቄዬን ጨርሼ ደብተሬን ስዘጋ፣ ከቢሮዋ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ደጃፍ አንድ ረጅም ሽበታም ፈረንጅ ቆሞ አየሁ። ዘር በሚለቀምበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቷል። በእርሳስ አንዲት ነገር ይጽፍና ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ ያጠፋታል።

«እሱስ ምን ይመራመራል?» አልኳት።

«ባሌ ነው። አይመራመርም፤ ሙዚቃ ነው የሚደርስ።»

«መሣሪያው የታለ?»

«ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ይላል። እኔም አይቼው አላውቅም።»

ስወጣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ጠራኝ። የመርሳ ሰው ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም።

«ጋዜጠኛው፣ የማሽላዋን ባል አየኸው?»

«አየሁት።»

«እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ። ሰውየው ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ይነሣል። እስከ ቀትር እግሩ እስኪነቃ ቆሞ ይውላል። ምሳ ላይ ሚስቱ ‹ምን ሠራህ?› ስትለው ‹ሁለት መስመር ጻፍኩ፣ ሦስት መስመር አጠፋሁ› ይላታል። በዚህ ዓይነት እኮ ከርሞ ነጭ ወረቀት ሊያስረክባት ነው!»

ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር። ለቀጣዮቹ ወራት ሲሪንቃ ያመላለሰኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ሰውየው ሊያነጋግረኝ አላመነታም። አማርኛው የተሰባበረ ነበር፤ የኔ እንግሊዝኛም እንደዚያው፤ ሲያቅተን ሚስቱን እንጠራለን። በመጀመሪያው ቀን በዕድሜ አባቴን ስለሚያክል «አንቱ» ብለው ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው መኖሩን አየ። ከዚያ በኋላ «አንተ» ተባባልን።

እንደ ሥራዬ ልማድ ከልደቱ ጀመርኩ። የተወለደው በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ባሕር ዳርቻ፣ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ መረብ ይጠግን ነበር። እናቱ የቤተ ክርስቲያን ወለል ታጥብ ስለነበር እሱም ልጅነቱን እዚያ ዋለ። መዘምራኑ የሚያጠኑትን ከወንበሮቹ መካከል ሆኖ ይሰማል። አንድ ቀን አንድ ድምፅ ጎድሎባቸው ሲቸገሩ ከወለሉ ተነሥቶ የጎደለውን ዘመረላቸው። በዚያ ምክንያት መዘምር ሆነ፤ በዚያ ምክንያት ለንደን በነጻ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። ሠላሳዎቹን ሲያጋምስ ለመዘምራን የጻፈው አንድ ሥራ ተወደደለት፤ በራዲዮም ተሰማ። ለእንጀራው ሲል ለፊልም ጽፏል፣ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሥራ ጻፍ ተባለ። ሦስት ዓመት ደከመበት። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረበ ዕለት ግማሹ ሰው ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣ።

«ተናደድክ?» አልኩት።

«አልተናደድኩም። እኔም የተጋበዝኩ ሰው ብሆን እወጣ ነበር። ሥራው ውሸት ነበረበት። ትልቅ ሰው ለመምሰል ብዬ የማላምንበትን ድምፅ ነው የሰበሰብኩት።»

ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት አንድም ነገር አልጻፈም።

«አሞህ ነበር?»

«ጤነኛ ነበርኩ። የምናገረው አልነበረኝም። ልዋሽ ደግሞ አልፈለግሁም።»

ይህን ከጻፍኩ በኋላ እርሳሴን ማስቀመጤን አስታውሳለሁ። እኔ ሙላ የተባልኩትን ዓምድ በየሳምንቱ የምሞላ ሰው ነበርኩ። የምናገረው የለኝም ብሎ ሰባት ዓመት አፉን የዘጋ ባለሙያ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም፤ ከዚያም በኋላ አላጋጠመኝም።

ሚስቱ ሲሪንቃ ስትመደብ አብሯት መጣ። በሁለተኛው ዓመት ካደገባት ከተማ ደብዳቤ ደረሰው። መዘምር የነበረበት ቤተ ክርስቲያን እየታደሰ ነው፤ ሲከፈት የሚዘመር ነገር ጻፍልን ይላል። እምቢ ሊል ነበር። ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ የእምቢታውን ደብዳቤ ለመጻፍ እርሳሱን በምላጭ ሲቀርጽ ውጭ ሠራተኞቹ ማሽላ እየወቁ በዜማ ይቀባበሉ ነበር። እርሳሱን ቀርጾ ጨረሰ፤ ደብዳቤውን ግን አልጻፈም። በማግስቱ ጠዋት ዘር መልቀሚያው ጠረጴዛ ላይ ተገኘ።

የአካባቢው ሰው ግማሹ እንደ ሥራ ፈት፣ ግማሹ እንደ ሕመምተኛ ሲያየው፣ ምን እንደሚሠራ ገና ከመጀመሪያው የገባቸው አንድ ሰው ነበሩ። መርሳ አጠገብ ባለች ደብር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ሰባ ዓመት አልፏቸው አንድ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ሚስትየዋ ለደብሩ መሬት የዘር ናሙና ስትወስድ ሰውየው አብሯት ሄዶ የዜማ ወረቀቱን ሲያሳያቸው፣ ወደ ብርሃን አዙረው በደኅናው ዓይናቸው አዩና «ይህማ ምልክት ነው» አሉ።

ምልክት የሚባለው በድጓው ላይ ከጽሑፉ ራስጌ የሚታየው ጥቃቅን ፊደልና ጭረት ነው። ፊደላቱ ተያይዘው ቃል አይሠሩም። አንዷ ፊደል ወይም ሁለቷ፣ ተማሪው ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ የያዘውን አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ታስታውሰዋለች። ላልተማረ ሰው ግን ምንም አትነግረውም።

ሁለቱ ተስማሙ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የኔታ ምልክቱን ያስተምሩታል፤ እሱ ደግሞ የአገሩን የዜማ አጻጻፍ፣ አምስቱን መስመር፣ ያስተምራቸዋል። እኔም ወደ ሐራና ወደ ግራና ለዜና ስመላለስ ጎራ እያልኩ አያቸው ነበር። ሥራው በራዲዮ የተሰማለት የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው፣ ከተማሪዎቹ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያዜማል። ሲሳሳት የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ኳ ያደርጋሉ። ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ሲመልሱት ቆጥሬአለሁ። በአሥራ ሁለተኛው የኔታ ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው አለፉ፤ እሱም ፊቱ እንደ ተሾመ ሰው በራ።

ክርክራቸው አያልቅም።

«የናንተ መስመር ደረጃ ነው» ይሉታል የኔታ። «እግር የት እንደሚረገጥ ይናገራል። የኛ ምልክት ግን መንገዱን በስሙ ይጠራዋል።»

«መንገዱን የማያውቅ ሰውስ፣ የኔታ?»

«የማያውቅማ ይማር! ለማያውቅ ሰው ማን ጻፈለት?»

«እኔ። እኔ የምጽፈው ለማያውቅ ሰው ነው።»

«እንግዲያ ድካምህ ብዙ ነው» አሉት።

ቀስ በቀስ በራሱ ጽሑፍ ላይ፣ ከአምስቱ መስመሮች በላይ፣ የኔታ በሰጡት ቀይ ቀለም የምልክት ፊደላት ማስፈር ጀመረ። ዜማው እንዴት እንደሚታጠፍ የአገሩ ምልክት አልበቃው ሲል ለራሱ ማስታወሻ የሚያደርገው ነው። የኔታም አምስቱን መስመር ለመዱ። ሆኖም እሳቸው የሚያነቡት እሱ ከሳቸው አፍ ሰምቶ የጻፈውን፣ ድሮውንም የሚያውቁትን ዜማ ብቻ ነበር። ይህን ልብ ማለቴ በኋላ ጠቀመ።

ሥራው አለቀ፤ ሠላሳ ስድስት ገጽ። ሌላ ግልባጭ የለውም። እንዲያ ያለ ወረቀት የሚያባዛ መሣሪያ በወልድያም በመርሳም አልነበረም። ዓርብ ዕለት አንድ የሚስቱ የሥራ ባልደረባ ከአዲስ አበባ ወደ እንግሊዝ ይበራል፤ መዘምራኑም በዚያ ካልደረሰን ሌላ ነገር እናጠናለን ብለው ጽፈዋል። ሰኞ ጠዋት ገጾቹ ያሉበት ፖስታ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሾፌር ተሰጠ።

ከመርሳ መውጫ ኬላ አላለፈም።

የኬላው ተቆጣጣሪ ወጣት ነበር፤ በመሠረተ ትምህርት ገበሬ ያስተማረ ንቁ ሰው። ፖስታውን ከፈተ። መስመር አየ፣ ነጥብ አየ፣ ቁጥር አየ። ከላይ በቀይ ቀለም የራሱን ፊደል አየ። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ቃል አልሆነለትም። ከቀኝ ወደ ግራ ሞከረው፤ አሁንም ቃል የለም። ፊደሉ የኛ፣ መልእክቱ ግን የማይታወቅ፣ ላኪው ፈረንጅ፤ ምስጢራዊ ጽሑፍ ነው ብሎ ያዘው። ልወቅሰው አልችልም። ፊደል የማይቆጥር ሰው ኬላው ላይ ቢቆም ኖሮ ፖስታው ያልፍ ነበር።

ማክሰኞ ወልድያ ከሚገኘው የአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ የግራና ሰው፣ የቀድሞ አስተማሪ፣ ሲናገር ቃል የሚመርጥ ሰው ነበር። ከኬላው የተላኩለትን ገጾች ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደርድሯቸዋል።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ይሄ ሙዚቃ ነው?»

«ሙዚቃ ነው ብሎኛል።»

«ያለህን አልጠየቅሁህም። ነው ወይ?»

«ማንበብ አልችልም፣ ጓድ።»

ተነፈሰ። «ስማ። ደሴ ብልከው ስንት ወር እንደሚቀመጥ አንተም ታውቃለህ። ለኔም ራስ ምታት ነው። ‹አይቼዋለሁ፣ ሙዚቃ ነው› ብለህ ጻፍና ፈርም። ዛሬውኑ ውሰደው።»

ወረቀትና ብዕር ገፋ አደረገልኝ። በዚያ ዘመን ፊርማ ማለት የሰው አንገት ማለት እንደነበር አልክድም። ነገር ግን እጄን የያዘኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ያላረጋገጥኩትን አይቻለሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም፤ ለወዳጅ ብዬ አንድ ጊዜ ብጀምረው የት ላይ እንደማቆም አላውቅም። እስከ ነገ ጊዜ ስጠኝ አልኩት።

ሲሪንቃ ሄጄ ስነግራቸው ሚስትየዋ ፊቷ ቀላ።

«አንድ ፊርማ! አንድ ፊርማ ነው እኮ የጠየቁህ! ወዳጃችን አይደለህም እንዴ?»

«ወዳጅ መሆኔን አልጠየቁኝም። ማንበብ እችል እንደሆነ ነው የጠየቁኝ።»

«ሰባት ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ሰው ነው። እኔ ነኝ አብሬው የኖርኩት። ይህ ቢቀርበት እንደገና እርሳስ የሚያነሣ ይመስልሃል?»

ወደሱ ዞሬ «ከራስህ አውጥተህ ልትጽፈው አትችልም?» አልኩት።

«ከሦስት ቀን በኋላ ዓርብ ነው። ደግሞም የምጽፈው ሌላ ይሆናል፤ ያው አይሆንም። አንተስ የጠፋብህን ጽሑፍ ያንኑ አድርገህ ትጽፈዋለህ?»

«አልጽፈውም።»

«ትክክል ነው» አላት ሚስቱን። «ያላነበበውን አይፈርምም። እኔም ብሆን አልፈርምም።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ታዲያ አንተ አንድን ወሬ የምታረጋግጠው እንዴት ነው?» አለኝ።

የማረጋግጠው ያልተገናኙ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ሲነግሩኝ ነው። ይህን ስናገር ሐሳቡ መጣልኝ። ሊቀመንበሩ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ዜማ ያዚም። ሰውየው ሰምቶ ይጻፈው። ዜማውን ያልሰማ ሌላ ሰው ከወረቀቱ ያንብበው። አንድ ከሆነ አጻጻፉ ዜማ መያዙ ተረጋገጠ። አምስቱን መስመር የሚያነብ ሌላ ሰው ደግሞ በአውራጃው አንድ ብቻ ነበር።

ከሲሪንቃ በቀጥታ መርሳ ወረድኩ። ለየኔታ የምፈልገውን ነገርኳቸው።

«ያልሰማሁትን? ከወረቀት?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ስልሳ ዓመት ዜማ ይዣለሁ። ከሰው አፍ ያልተቀበልኩት አንድ የለኝም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ልጄ። ቢያቅተኝስ?»

«ወረቀቱ ደሴ ይሄዳል። ለዓርብ አይደርስም።»

መቋሚያቸውን አገላበጡት። «ያ ሰው መሬት ቁጭ ብሎ ከኔ ተምሯል። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሱን ማንበብ ካቃተኝ ምኑን መምህር ሆንኩ? ጠዋት መኪና ላክ።»

ረቡዕ ጠዋት ወልድያ ተገናኘን። ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ጥሩ ነው፤ ይሄን ለበላይም ማስረዳት እችላለሁ» አለ። የኔታ በግቢው ወዲያኛ ጫፍ፣ መካኒኮች የተጋጨ የመኪና ክንፍ በመዶሻ በሚያቃኑበት ጋራዥ ጎን ተቀመጡ፤ እዚያ ሆኖ እንኳን ዜማ ጩኸትም አይሰማም። ቢሮው ውስጥ ሊቀመንበሩ፣ ሰውየው፣ እኔና የጽሕፈት መኪና የምትመታው ጸሐፊ ቀረን።

«አንቺ ውጪ» አላት ሊቀመንበሩ።

«ኧረ ጓድ፣ ምስክር ያስፈልጋል!» አለች። ሳቋን ለመደበቅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

«ዝፈን ስትሉኝ እንግዲህ… እኔ ዘፋኝ አይደለሁም» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቃሉን ተወው፣ ጓድ። ዜማውን ብቻ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። የጀመረው የማውቀው አይደለም፤ የሠርግም የሐዘንም አይመስልም። ረዘም ያለ፣ ከፍ ብሎ የሚነሣና እየተንሸራተተ የሚወርድ ዜማ ነው። መካከል ላይ አቆመ። ረሳው ብዬ ነበር። ቆይቶ ቀጠለ። ቀጥሎም ሁለት ጊዜ እንዲሁ አቆመ። ጸሐፊዋ ሳቋን ተወች። ሰውየው እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ የግራ እጁ ጣት ጉልበቱ ላይ ይቆጥር ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደግምለት ጠየቀ፤ ደገመለት። ግማሽ ገጽ ሆነ። ወረቀቱን ለኔ ሰጥቶ ወጣ። የኔታን በዓይኑም እንዳይጠቅሳቸው በሌላ በር እንዲሄድ አደረግሁ።

የኔታ ገቡና ወረቀቱን በክንዳቸው ልክ ከፊታቸው አራቁት። ለረጅም ጊዜ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ጊዜ ጀምረው «ቆይ» ብለው ተዉት። ደግመው ጀመሩ፤ ተሰናከሉ፤ ተዉት። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። ጸሐፊዋ ውኃ ልታቀርብላቸው ተነሣች፤ በእጃቸው አስቀመጧት። ከዚያ መቋሚያቸውን ቀጥ አድርገው በቤተ ክርስቲያን ድምፃቸው፣ ቀስ ብለው አዜሙት።

የመጀመሪያው ሐረግ ወጣ። እኔ እስከሚታወቀኝ ድረስ ያው ነበር፤ ግን የኔ ጆሮ ምስክር አይሆንም። የሊቀመንበሩን ፊት ነበር የማየው፤ ምንም አይነበብበትም። ሁለተኛው ሐረግ ወጣ። ከዚያ የኔታ አቆሙ።

«ጠፋባቸው» አለች ጸሐፊዋ በሹክሹክታ።

የኔታ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ አንድ ጣታቸውን ወደሷ ቀሰሩ። በሌላው እጃቸው መቋሚያው ላይ ይቆጥራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቀጠሉ።

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሣ።

«ወንጭፉ!» አለ።

ማንም አልገባውም። እሱም ለማስረዳት ጊዜ ወሰደበት።

«የእናቴ ነው። ግራና፣ ማማ ላይ ወጥታ ማሽላውን ከወፍ ስትጠብቅ የምትለው ነው። ወፍ ሲመጣ ዜማውን ታቋርጥና ትወነጭፋለች። ድንጋዩ እስኪወድቅ ዝም ትላለች። እኔ… ሳዜመው እንደማቋርጥ እንኳ አላውቅም ነበር።» ከዚያ ጓድነቱን ረስቶ «የኔታ፣ ድንጋዩን ከየት አመጡት?» አላቸው።

«ምን ድንጋይ? ይኸው እዚህ ተጽፏል። ይቺ ባርኔጣ የመሰለችው ዝም በል ነው የምትለው። ልኩም ተነግሯል። ለወፍ ይሁን ለምን እኔ ምን አውቃለሁ!»

ሊቀመንበሩ በሩን ራሱ ከፍቶ ሰውየውን ጠራው።

«ዝም ያልኩትንም ጻፍከው?»

«መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው» አለ። «ዜማው ከዚያ በኋላ አላስቸገረኝም።»

እዚያው ተቀምጬ የግማሽ ገጽ ማስረጃ ጻፍኩ። ማን ምን እንዳደረገ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ማን የት እንደነበረ። መጨረሻ ላይ፣ ይህ አጻጻፍ ዜማን በትክክል የሚይዝ መሆኑን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሠላሳ ስድስቱ ገጾችም በዚሁ አጻጻፍ የተጻፉ መሆናቸውን በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ አነበበው።

«አንተ ሰው፣ አሁንም ሙዚቃ ነው አላልክም እኮ!» ሳቀና ማኅተሙን መታበት።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ ሰውየው ገጾቹን ከሊቀመንበሩ ቢቀበልም ለሾፌሩ አልሰጠም። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለይቶ አወጣ። «ጠረጴዛሽን ላንድ አፍታ» አላት ጸሐፊዋን። ሚስቱ በኋላ እንደነገረችኝ፣ የሥራው መዝጊያ አልጥም ብሎት ስንት ጊዜ አጥፍቶት ነበር። ከመቀመጡ በፊት ግን ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ።

«ዜማቸውን እናትህ ይፈቅዱልኛል?»

«በሕይወት የለችም።»

«አንተስ?»

ሊቀመንበሩ በሩ መዘጋቱን አየ። «ስሜን አትጻፍ» አለ። «ግራና ብለህ ጻፍ።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ላጲሱና እርሳሱ ሥራቸውን ጨረሱ። ኬላው ላይ ያው ወጣት ፖስታውን ከነማኅተሙ ካየ በኋላ «ግን ይቺ ቀይዋ ፊደል ምንድን ነው የምትል?» ብሎ ሾፌሩን ጠየቀው አሉ። ሾፌሩ «እለፍ ነው የምትል» ብሎት አለፈ። ዓርብ ደረሰ።

ስለዚህ ሁሉ ሦስት ገጽ ጽፌ ላክሁ። የታተመው በማሽላው ዜና ግርጌ አራት መስመር ነው፤ የባለሙያዋ ባለቤት የሙዚቃ ደራሲ መሆናቸው ታውቋል ይላል። ለዘበኛው አነበብኩለት። «እንዲህ በል! ጋዜጣ ላይ ከወጣማ ሥራ አለው ማለት ነው» አለኝ።

ባልና ሚስቱ የሥራ ዘመኗ ሲያልቅ ሄዱ። ሰውየው ከዚያ በኋላ መጻፉን አላቆመም፤ ሚስቱ በየጊዜው በምትልካቸው ደብዳቤዎች የሥራዎቹን ዝርዝር ትጽፍልኛለች። ከሁሉ የመጀመሪያው ደብዳቤዋ ግን የመጣው ከአንድ ካሴት ጋር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴፕ ተውሼ መርሳ፣ የኔታ ቤት ወሰድኩት። ሊቀመንበሩም መኪናውን ወልድያ ትቶ በአውቶቡስ መጣ። ሦስታችን ቴፑን መካከል አድርገን ተቀመጥን። ስለ ሥራው ማዕረግ የመፍረድ ዕውቀት የለኝም። የሰማሁትን ልናገር። ብዙ ሰዎች ናቸው የሚዘምሩት፤ ቋንቋው አይገባንም። አንዳንድ ቦታ የኔታ ፈገግ እያሉ «ይቺ የኔ ናት» ይላሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ መቋሚያቸውን ኳ አደረጉ። ወደ መጨረሻው ድምፁ ሁሉ እየሳሳ ሄዶ አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። ረዘም ያለ፣ ከፍ ብሎ የሚነሣ፣ እየተንሸራተተ የሚወርድ ዜማ ነው። ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ መካከል ላይ ቀጥ አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ዝምታው ረዘመብን። ሊቀመንበሩ ባትሪው ያለቀ መስሎት ቴፑን ሊነካ እጁን ሰደደ።

የኔታ መቋሚያቸውን በእጁ ላይ አሳረፉበት።

«ተው» አሉት። «ድንጋዩ ገና አልወደቀም።»